ነውጥን መተንበይና ነውጥን መግራት፦ የኢመስመራዊ ሥርዓቶች ቁጥጥርና የነውጠኛ ፍሰት ሞዴሎች ዳሰሳ

አንድ ሥርዓት ወደፊት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መናገርና ያንኑ ሥርዓት ወደሚፈለገው መንገድ መምራት በተለምዶ እንደ ቀዳሚና ተከታይ ሥራ ይታያሉ፤ በቅድሚያ ሕጉ ይታወቃል፣ በሕጉ መሠረት ትንበያ ይሠራል፣ በትንበያው ላይም መቆጣጠሪያ ይነደፋል። የውኃን፣ የአየርንና የመሳሰሉትን ነውጠኛ ፍሰት በሚያጠናው ዘርፍ ግን ይህ ቅደም ተከተል በተደጋጋሚ ሲፈርስ ታይቷል። የፍሰቱ ሕግ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በእኩልታ ተጽፎ የተቀመጠ ቢሆንም ትንበያው እስከ ዛሬ ጎዶሎ ነው፤ በአንጻሩ ትንበያው ባልተሟላበት፣ አንዳንዴም እኩልታው ጨርሶ ባልተነካበት ሁኔታ ፍሰቱን መግራት የተቻለባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት አይደሉም። በዚህ ዳሰሳ የሚመረመረውም ይኸው ነው፤ መተንበይ የሚጠይቀው እውቀትና መቆጣጠር የሚጠይቀው እውቀት እስከምን ድረስ አንድ ናቸው፣ የትስ ላይ ይለያያሉ? (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።)

መስመራዊ የሚባለው ሥርዓት ምክንያቱ በእጥፍ ሲያድግ ውጤቱም በእጥፍ የሚያድግበት፣ ሁለት ምክንያቶች አንድ ላይ ሲሠሩም ውጤታቸው ለየብቻ ከሚያስከትሉት ድምር የማይለይበት ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ፈትቶ፣ መልሶ መደመር ስለሚቻል የምህንድስና ሒሳብ ትልቁ ክፍል የተገነባው በእርሱ ላይ ነው። ኢመስመራዊ ሥርዓት ግን ይህን ቁረጣ አይቀበልም፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ ስለሚነካኩ አንዱን ነጥሎ ለመፍታት መሞከር ሌላውን መለወጥ ይሆናል። ፈረንሳዊው አንሪ ፖንካሬ በ1890 ባሳተመው ሥራ ሦስት የሰማይ አካላት ሲሳሳቡ የሚከተሉት መንገድ ምን ያህል ሊወሳሰብ እንደሚችል ያሳየ ሲሆን፣ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ እኩልታውን ሳይፈቱ የመረጋጋትን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስችል ዘዴ አቀረበ። የሊያፑኖቭ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከሥርዓቱ ሁኔታ የሚሰላ፣ ጉልበትን የሚመስል አንድ መጠን ተገኝቶ፣ ይህ መጠን ሥርዓቱ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ እየቀነሰ እንደሚሄድ ከተረጋገጠ፣ መንገዱ ባይታወቅም ማረፊያው ይታወቃል የሚል ነው። ዛሬ በኢመስመራዊ ቁጥጥር ላይ የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛው ምዕራፋቸው የዚህ ሐሳብ ማብራሪያ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፤ ሐሳቡ ከመነሻው ትንበያን ወደ ጎን የተወ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባዋል።

ትንበያ የት ላይ እንደሚከዳ በግልጽ ያሳየው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የአየር ጠባይ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝ ነው። ሎሬንዝ በ1961 አንድ የቆየ ስሌት ከመካከሉ ለመቀጠል ፈልጎ ማሽኑ አትሞ ያወጣውን 0.506 አስገባ፤ በማሽኑ ውስጥ የነበረው ቁጥር ግን 0.506127 ነበርና ሁለቱ ስሌቶች ለጥቂት ጊዜ አብረው ከተጓዙ በኋላ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሆነው ተገኙ። በ1963 ያሳተመው ጽሑፍ ይህን ባሕርይ ሦስት እኩልታዎች ብቻ ባሉት ሥርዓት አሳይቷል፤ ሕጉ ቁርጥ ያለና ዕድል የማይገባበት ሆኖ ሳለ ጥቃቅን የመነሻ ልዩነቶች በየጊዜው እየተባዙ ትንበያን ከንቱ የሚያደርጉበት ይህ ባሕርይ ትርምስ ወይም ኬዮስ ይባላል። ከዚህ ዝነኛ ጽሑፍ ይልቅ ለነውጠኛ ፍሰት ክብደት ያለው ግን በ1969 የወጣውና ብዙም የማይጠቀሰው ሥራው ነው። ትላልቅና ትናንሽ አዙሪቶች አንድ ላይ በሚገኙበት ፍሰት ውስጥ በትንሿ አዙሪት ላይ የተፈጠረ ስሕተት ደረጃ በደረጃ ወደ ትላልቆቹ ስለሚወጣ፣ ደግሞም ትንሾቹ ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ስለሆነ፣ የመነሻውን ልኬት የቱንም ያህል ማጥራት የትንበያውን ዕድሜ ከተወሰነ ገደብ አያሳልፈውም የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል።

ፍሰትን የሚገዛው እኩልታ በክሎድ ሉዊ ናቪዬና በጆርጅ ጋብሪኤል ስቶክስ ስም ይጠራል፤ የመጀመሪያው በ1822፣ ሁለተኛው በ1845 ያቀረቡት ሲሆን ይዘቱ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ለፈሳሽ ቁራጭ መተርጎሙ ነው። በአንድ በኩል የፍጥነት ለውጥ፣ በሌላ በኩል ግፊትና ዝልግልግነት ይገኛሉ፤ ዝልግልግነት የሚባለው የፈሳሹ ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሳዩት ሰበቃ ነው። ኢመስመራዊነቱን የሚያመጣው ፍሰቱ ፍጥነቱን ራሱ ተሸክሞ መጓዙ ነው፤ ፍጥነት በፍጥነት ይባዛል። በሦስት አቅጣጫ ለሚደረግ ፍሰት መፍትሔው ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ መዝለቁን ያረጋገጠ ወይም ያፈረሰ የለም፤ የክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 ለዚህ ጥያቄ የመደበው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማትም እስካሁን ባለቤት አላገኘም። መሐንዲሱ ይህን ማረጋገጫ ሳይጠብቅ አውሮፕላን መሥራቱን ግን ቀጥሏል።

የነውጥን አጀማመር በቅርብ ያሳየው የማንችስተሩ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 ይፋ ያደረገው ሙከራ ነው። ሬይኖልድስ በመስታወት ቱቦ ውስጥ በሚያልፍ ውኃ መካከል ቀጭን የቀለም ክር ሲለቅ፣ ውኃው በዝግታ እስከተጓዘ ድረስ ክሩ ሳይበተን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር፤ ፈሳሹ በንጣፍ ንጣፍ ተደርድሮ የሚጓዝበት ይህ ሁኔታ ንጣፋዊ ፍሰት ይባላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ በድንገት ተበትኖ ቱቦውን በሙሉ ያቀልመዋል፤ ይሁንና በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብርሃን ሲታይ ያ ደብዛዛ የቀለም ደመና የተለያዩና ጥርት ያሉ ጥቅልሎች ስብስብ ሆኖ ተገኘ። ሽግግሩ የሚወሰነው የፍጥነትና የቱቦው ስፋት ብዜት ለዝልግልግነት ተካፍሎ በሚሰጠው፣ ዛሬ የሬይኖልድስ ቁጥር በሚባለው መጠን ነው፤ በቱቦ ውስጥ 2,000 አካባቢ እንደ ደፍ ይቆጠራል። የሚገርመው ግን ቱቦው ከመናጥ በጥንቃቄ ሲጠበቅ ሬይኖልድስ ራሱ ከ10,000 በላይ፣ በኋላ የመጡትም እስከ 100,000 ድረስ ንጣፋዊውን ፍሰት ማቆየት መቻላቸው ነው። ስለዚህ በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ሁለቱም ዓይነት ፍሰቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ የትኛው እንደሚገኝ የሚወስነው የመነሻው ነቅናቂ መጠን ነው። ይህ ለቁጥጥር ጥያቄ የተከፈተ በር ቢሆንም ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ ሰው አልገባበትም።

በዚህ በር ከመግባት ይልቅ የተመረጠው መንገድ አማካይ መውሰድ ነበር። ሬይኖልድስ በ1895 ፍጥነትን አማካይና ውጣ ውረድ በሚሉ ሁለት ክፍሎች ከፍሎ እኩልታውን ለአማካዩ ሲጽፍ፣ የውጣ ውረዶቹ ብዜት አማካይ እንደ አዲስ ጫና ብቅ አለ፤ ለዚህ አዲስ ያልታወቀ መጠን እኩልታ ሲጻፍለት ደግሞ የባሰ ያልታወቀ ይወልዳል። ሰንሰለቱ በራሱ አይዘጋም፤ ሰው በግምት ሊዘጋው ይገባል። ጆዜፍ ቡሲኔስክ አስቀድሞ በ1877 ነውጥ ልክ እንደ ተጨማሪ ዝልግልግነት ይቆጠር የሚል ግምት አቅርቦ ነበር፤ ሉድቪግ ፕራንትልም በ1925 የዚህን ሰው ሠራሽ ዝልግልግነት መጠን አንድ የፈሳሽ ቁራጭ ማንነቱን ሳያጣ ከሚጓዝበት ርቀት ጋር አያያዘው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በብራያን ላውንደርና በባልደረቦቹ የተስፋፋው ሞዴል ለነውጡ ጉልበትና ጉልበቱ ለሚጠፋበት ፍጥነት ሁለት ተጨማሪ እኩልታዎችን ያክላል፤ በውስጡም 0.09፣ 1.44 እና 1.92ን የመሳሰሉ ቋሚ ቁጥሮች አሉ። እነዚህ ቁጥሮች በቀላል ፍሰቶች ላይ ተለክተው የተስተካከሉ እንጂ ከሕጉ የመነጩ አይደሉም፤ በመሆኑም ሞዴሉ በቀጥተኛ ቱቦ ውስጥ ጥሩ ሲሠራ፣ ፍሰቱ ከገጽ በሚላቀቅበት ወይም አጥብቆ በሚሽከረከርበት ቦታ ይሳሳታል። የፋብሪካና የአውሮፕላን ዲዛይን ስሌት እስከ ዛሬ በአመዛኙ በዚህ ቤተሰብ ሞዴሎች ላይ መቆሙ ግን መካድ የለበትም፤ አማካይ ግፊትን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃሉ።

ከግምት ይልቅ ወደ ሕግ የተጠጋው አንድሬ ኮልሞጎሮቭ በ1941 ያቀረበው ሥራ ነው። ጉልበት ከትልቅ አዙሪት ወደ ትንሽ እየወረደ በመጨረሻ በዝልግልግነት ወደ ሙቀት ይለወጣል የሚለውን የሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ሥዕል ተቀብሎ፣ በመካከለኛ መጠኖች ላይ የጉልበቱ ሥርጭት የትም ፍሰት ቢሆን አንድ ዓይነት ሕግ እንደሚከተል ገመተ፤ በ1962 የታተመ፣ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ በሚገኝ ኃይለኛ የባሕር ሞገድ ወሽመጥ የተደረገ ልኬትም ግምቱን በሰፊ የመጠን ክልል ደገፈው። ከዚሁ ሐሳብ የሚወጣ መራራ ሒሳብ አለ፤ የሬይኖልድስ ቁጥር አሥር እጥፍ ሲያድግ ትንሿን አዙሪት ሳይስቱ ፍሰቱን በሙሉ ለማስላት የሚያስፈልጉት ነጥቦች ወደ 180 እጥፍ፣ ጠቅላላው ሥራ ደግሞ ወደ አንድ ሺህ እጥፍ ያድጋል። ጆን ኪም፣ ፓርቪዝ ሞይንና ሮበርት ሞዘር በ1987 በሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚያልፍ ፍሰትን ያለ ምንም የነውጥ ሞዴል ሲያሰሉ አራት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ተጠቅመዋል፤ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ግን ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር፣ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ ያለው ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው።

በሁለቱ ጽንፎች መካከል የሚገኘው ዘዴ ትላልቆቹን አዙሪቶች አስልቶ ትናንሾቹን ብቻ በሞዴል ይተካል። ጆሴፍ ስማጎሪንስኪ በ1963 ለከባቢ አየር የነደፈውን ቀመር ጄምስ ዲርዶርፍ በ1970 ወደ ምህንድስና ፍሰት ያመጣው በ6,720 ነጥቦች ብቻ ነበር። በቀመሩ ውስጥ ያለው ቋሚ ቁጥር በንድፈ ሐሳብ 0.17 አካባቢ መሆን ሲገባው ዲርዶርፍ 0.1 ሲሆን የተሻለ እንደሚሠራ አገኘ፤ ማሲሞ ጀርማኖና ባልደረቦቹ በ1991 ቁጥሩ በየቦታውና በየጊዜው ከስሌቱ ራሱ እንዲወሰን ማድረጋቸውም ቋሚ የተባለው ቋሚ አለመሆኑን መቀበል ነበር። ከግድግዳ በራቀ ፍሰት ይህ ዘዴ እጅግ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ግድግዳ አጠገብ ግን ትላልቅ የሚባሉት አዙሪቶች ራሳቸው ትናንሽ ስለሆኑ ወጪው መልሶ ይንራል።

የቁጥጥሩ ታሪክ ከዚህ ተነጥሎ አድጓል። በ1990 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኤድዋርድ ኦት፣ ሴልሶ ግሬቦጊና ጄምስ ዮርክ ትርምስን ስለ መቆጣጠር ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ የዘርፉን አስተሳሰብ ገልብጦታል ማለት ይቻላል። ትርምሳዊ ሥርዓት በሚመላለስበት ክልል ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ዑደቶች ተደብቀው ይገኛሉ፤ ሁሉም ያልተረጋጉ ስለሆኑ ሥርዓቱ አንዱን ጠጋ ብሎ ወዲያው ይሸሻል፣ ነገር ግን ይዋል ይደር እንጂ ወደ እያንዳንዳቸው ደጅ መድረሱ አይቀርም። ተቆጣጣሪው የሚፈልገውን ዑደት መርጦ ሥርዓቱ በራሱ ጊዜ እስኪጠጋው ይጠብቃል፤ በጠጋ ጊዜም አንዱን መለኪያ በጥቂቱ ነካ እያደረገ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። የሚያስፈልገው እውቀት በዚያች ነጥብ አካባቢ ያለው ጠባይ ብቻ ሲሆን እርሱም ከተለካ ተከታታይ መረጃ ሊገኝ ይችላል፤ እኩልታው ባይታወቅም ሥራው አይቆምም። በዚያው ዓመት ዊልያም ዲቶና ባልደረቦቹ መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ ግትርነቱ የሚለዋወጥ ቀጭን የብረት ጥብጣብን በዚህ መንገድ ገሩ፤ የሊቱዌኒያው ኬስቱቲስ ፒራጋስም በ1992 የአሁኑን ምልክት ከአንድ ዑደት በፊት ከነበረው ጋር ብቻ የሚያነጻጽር፣ የበለጠ ቀላል ዘዴ አቀረበ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለትንበያ ጠላት የሆነው ባሕርይ ለቁጥጥር ወዳጅ ሆኖ መገኘቱ ዋናው ቁም ነገር ነው። ጥቃቅን ለውጥ ትልቅ ውጤት የሚያመጣ ከሆነ በጥቃቅን ጉልበት ትልቅ ሥራ መሥራት ይቻላል። ናሳ በ1978 የፀሐይን ነፋስ እንድታጠና ያመጠቃት መንኮራኩር በቀሪ ጥቂት ነዳጇ ከ1982 ጀምሮ በጨረቃ አጠገብ ደጋግማ እንድታልፍ ተደርጋ በመስከረም 1985 ጃኮቢኒ-ዚነር የተባለችውን ጅራታም ኮከብ ለመድረስ የበቃችው ፖንካሬን ያስጨነቀው የሦስት አካላት ችግር በሚሰጠው በዚሁ ስሱነት ነው። በመዳፉ ላይ ረጅም በትር የሚያቆም ልጅ በትሩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ አያሻውም፤ ማወቅ የሚገባው አሁን ወዴት እንዳዘነበለ ነው። ግብረ መልስ የሚባለው፣ ውጤቱን ለክቶ በዚያው ቅጽበት የማረም አሠራር፣ የትንበያውን ርዝመት ወደ አንድ እርማት ዕድሜ ያሳጥረዋል።

ይህ ተስፋ ወደ ነውጠኛ ፍሰት ሲሻገር ግን ክብደቱ ይታያል። የብረቱ ጥብጣብ ጠባይ በጥቂት መጠኖች የሚገለጽ ሲሆን የነውጠኛ ፍሰት ጠባይ በሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መጠኖችን ይጠይቃል፤ ሥርዓቱ በራሱ ጊዜ ወደ ተፈለገው ዑደት እስኪጠጋ መጠበቅም በዚህ ስፋት ከንቱ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ወደ ግድግዳው ዞሩ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1967 በሃይድሮጂን አረፋ እየታገዘ ባደረገው ምልከታ ግድግዳ አጠገብ ያለው ፍሰት ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ሳይሆን ፈጣንና ዘገምተኛ ረጃጅም መስመሮች እየተፈራረቁ የሚደረደሩበት መሆኑ ታውቆ ነበር። በኮምፒውተር ስሌት የሠሩት ሃይቾን ቾይ፣ ሞይንና ኪም በ1994 ከግድግዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ላይ የሚነሳውን ፍሰት ግድግዳው እንዲመጥ፣ ወደ ታች የሚወርደውን እንዲገፋ ሲያደርጉ ሰበቃው በ25 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በ2001 ደግሞ ቶማስ ቢውሊ፣ ሞይንና ሮጀር ተማም ስለ ፍሰቱ ሙሉ መረጃ ያለው፣ ወደፊት እያሰላ እርማቱን የሚመርጥ ተቆጣጣሪ በዝቅተኛ የሬይኖልድስ ቁጥር ነውጡን ጨርሶ ሊያጠፋ እንደሚችል አሳዩ። ውጤቱ የሚቻለውን ጣራ ስላመለከተ ዋጋው ትልቅ ነው፤ እንደ መሣሪያ ግን ሊሠራ አይችልም፣ ምክንያቱም እያንዳንዷን የፍሰት ነጥብ የሚያውቅ ሴንሰር የለም።

የተሻለውን አቅጣጫ ያመለከተው እያንዳንዱን አዙሪት ማሳደዱን ትቶ ነውጡ ራሱን በምን እንደሚመግብ የጠየቀው ወገን ይመስላል። ጄምስ ሃሚልተን፣ ኪምና ፋቢያን ዋሌፍ በ1995 እንዳሳዩት በፍሰቱ አቅጣጫ የተዘረጉ ሽክርክሪቶች ዘገምተኛውን ፈሳሽ ከግድግዳ ወደ መካከል እያነሱ መስመሮቹን ይሠራሉ፤ መስመሮቹ ይናጋሉ፣ መናጋታቸውም ሽክርክሪቶቹን መልሶ ይወልዳል። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሁሉም ይቆማል። ያኮብ ኪውነን፣ ቢዮርን ሆፍና ባልደረቦቻቸው በቪየና አቅራቢያ በሚገኘው የኦስትሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ሠርተው በ2018 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ቦታ ፈልጎ አግኝቷል። በቱቦው መካከል ያለውን ፈጣን ፍሰት በማዘግየትና በግድግዳው አጠገብ ያለውን በማፍጠን የፍጥነቱ ሥርጭት ጠፍጣፋ ሲደረግ፣ ሽክርክሪቶቹ የሚያነሱት የፍጥነት ልዩነት ስለሚያጡ ነውጡ ሞቶ ፍሰቱ ንጣፋዊ ሆነ፤ የሰበቃው ብክነትም እስከ 90 በመቶ ቀነሰ። ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ፍሰቱን በማማሰያ አጥብቆ ማወክ መሆኑ፣ ማለትም ነውጥን በመጨመር ነውጥን ማጥፋት መቻሉ፣ አማካይን ብቻ የሚያይ ሞዴል ሊደርስበት የማይችል ውጤት ነው። ሴንሰር አልነበረም፣ በየቅጽበቱ የሚታረም ነገር አልነበረም፤ የነበረው የአንድን ቀለበት አሠራር ማወቅ ብቻ ነው።

ከዚህም ያነሰ እውቀት የሠራበት አጋጣሚ አለ። ቶምስ የተባለ ተመራማሪ በ1940ዎቹ ረጃጅም የፖሊመር ሞለኪውሎች እጅግ በጥቂቱ ወደ ፈሳሽ ሲጨመሩ የነውጠኛ ፍሰት ሰበቃ በብዙ እንደሚቀንስ አስተዋለ፤ ከ1979 ጀምሮም የአላስካ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ይህን መላ ሥራ ላይ አውሎታል። ሞለኪውሎቹ በአዙሪቶቹ ተስበው እየተለጠጡ ጉልበት እንደሚነጥቁ ይታወቃል፤ ዝርዝሩ ግን ዛሬም ያከራክራል፣ ዘይቱ ግን ይፈሳል።

ባለፉት አሥር ዓመታት የተጨመረው አዲስ ኃይል ከመረጃ የሚማር ስሌት ነው። ጁሊያ ሊንግና ባልደረቦቿ በ2016 የአማካይ ሞዴሎችን ጉድለት በነርቭ መረብ ለማረም ሲሞክሩ መረቡ ወደየትም ቢዞር የማይለወጠውን የፊዚክስ ሕግ እንዲያከብር አድርገው ገነቡት፤ ስቲቨን ብራንተን፣ ጆሹዋ ፕሮክተርና ናታን ኩትዝም በዚያው ዓመት ከተለካ መረጃ ውስጥ ጥቂት አባላት ብቻ ያሉትን እኩልታ ነቅሶ የሚያወጣ ዘዴ አቀረቡ። ዣን ራቦና ባልደረቦቹ በ2019 በሙከራና በሽልማት የሚማር ተቆጣጣሪ ከሲሊንደር በስተኋላ የሚፈራረቁ አዙሪቶችን በሁለት ትናንሽ የፈሳሽ ፍንጣቂዎች አረጋግቶ የፍሰቱን ጫና በ8 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሥራው ብልሃት የተሞላ ቢሆንም የሬይኖልድስ ቁጥሩ 100 ብቻ ነበር፤ በዚህ ቁጥር ደግሞ ፍሰቱ የሚደጋገም እንጂ ነውጠኛ አይደለም። የዚህ ዘርፍ ጽሑፎች ሲነበቡ ርዕሱ ላይ ከተጻፈው ቃል በፊት የሬይኖልድስ ቁጥሩን መፈለግ ይበጃል። ከዚህም በላይ መረቡ በተማረበት ፍሰት ጎበዝ ሆኖ በሌላ ጂኦሜትሪ ላይ መሰናከሉ የቀድሞዎቹ ቋሚ ቁጥሮች የነበረባቸው በሽታ ነው፤ የቁጥሮቹ ብዛት ከአምስት ወደ ብዙ ሺህ ማደጉ ብቻውን በሽታውን አያድነውም።

በሚበር አውሮፕላን ላይ ጥያቄው ወደ መጠን ይወርዳል። በአውሮፕላን ገጽ ላይ እነዚያ የግድግዳ መስመሮች እርስ በርስ የሚራራቁት ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ሲሆን፣ ተፈጥረው የሚያልፉትም በሰከንድ እጅግ ትንሽ ክፍልፋይ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዷን የሚያይ ሴንሰርና የሚመልስ መሣሪያ በክንፍ ሙሉ መደርደር፣ ደግሞም የሚበላውን ኤሌክትሪክ ከሚያተርፈው ነዳጅ በታች ማድረግ እስካሁን አልተቻለም። በአገልግሎት ላይ የዋለው ምንም የማይለካና ምንም የማያርም ነገር ነው፤ የሻርክን ቆዳ አስመስሎ የተሠራ፣ የፀጉር ውፍረት የማይሞሉ ቦዮች ያሉት ፊልም። በላቦራቶሪ ቦዮቹ የገጽ ሰበቃን እስከ 8 በመቶ ያህል እንደሚቀንሱ ተለክቷል፤ ሉፍታንዛ ቴክኒክና ባስፍ ሠርተውት በስዊስ አየር መንገድ ቦይንግ 777 አውሮፕላኖች ላይ የተለጠፈው ፊልም የሚያተርፈው ነዳጅ ግን ወደ አንድ በመቶ ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙ የሚሸፍነው የገጹን ከፊል ብቻ ሲሆን የገጽ ሰበቃም ቢሆን ከአውሮፕላኑ ጠቅላላ የአየር ተቃውሞ ግማሽ ገደማው ነው።